የዕቃ ዕቃ ጨዋታና የሕፃን ልብ

ስለ ልጆች አስተዳደግ በምንጽፍበት በዚህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ የምናነሣው ስለ ትምህርት፣ ስለ ንጽሕናና ስለ መታዘዝ ነው። በዚህ ወር ግን አያሌ ወላጆች ከቁም ነገር የማይቈጥሩትን አንድ ጉዳይ ልናነሣ ወደድን። ይኸውም ሕፃናት እናትና አባት፣ ሐኪምና በሽተኛ፣ መምህርና ተማሪ እየሆኑ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው፤ በእኛ ዘንድ ዕቃ ዕቃ ይባላል።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይላል ያገራችን ሰው። ነገሩ እውነት ነው። ከጓሮ ጭቃ የተጋገረ እንጀራ ማንንም አያጠግብም፤ በጠርሙስ ቆርኪ የተቀዳ ቡናም ጥምን አይቈርጥም። ዳሩ ግን በሦስት ጠጠር ጉልቻ አጠገብ ተቀምጣ «ልጄ ተርቧል፤ ቶሎ ላድርስ» የምትለውን የአራት ዓመት ልጅ ቀረብ ብሎ ያዳመጠ ሰው፥ ከጭቃው ጋር ሌላም ነገር እየቦካ መሆኑን ይረዳል። ልጅቱ በዚያች ሰዓት ስለ ራሷ ረኀብ ሳይሆን ስለ ሌላ ሰው ረኀብ ታስባለች። ይህን አሳብ ስብከት ብቻ አያመጣውም፤ ልምምድ ይሻል፤ ልምምዱም የሚገኘው በዚህ ጨዋታ ውስጥ ነው።

ጨዋታው የሚጀምረው ሰው ከሚገምተው ቀደም ብሎ ነው። ሕፃን አንድ ዓመት ካለፈው በኋላ ባዶ ስኒ አንሥቶ እንደሚጠጣ ያስመስላል። ወደ ሁለት ዓመት ሲጠጋ ያንኑ ስኒ ለጨርቅ አሻንጉሊቱ ያጠጣል። በሦስት ዓመቱ ገደማ «እኔ እናት ነኝ፤ አንተ ልጅ ሁን» ማለት ይጀምራል። ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ጊዜ ጨዋታው ይበስላል፤ ልጆቹ ሦስትም አራትም ሆነው ቤት ይሠራሉ፥ ሰርግ ይደግሳሉ፥ ይጣላሉ፥ ይታረቃሉ። ከሰባት ዓመት ገደማ ጀምሮ ልባቸው ደንብ ወዳላቸው ጨዋታዎች፥ ወደ ኳስና ወደ ገበጣ ያዘነብላል። እንግዲህ ዘመኑ አጭር ነው፤ ሕፃኑ በዚህ ጨዋታ የሚማረውን ሊማር የሚችለው በእነዚህ ጥቂት ዓመታት ነው።

ጨዋታው የሚያስተምረው ምንድን ነው?

የመጀመሪያው ራስን መግዛት ነው። ብዙ ሰዎች ጨዋታ ልቅነት ይመስላቸዋል። የሥነ ልቡና ሊቅ የነበሩት ሌቭ ቪጎትስኪ ግን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1933 በሌኒንግራድ ከተማ ስለ ጨዋታ ባደረጉት ንግግር የዚህን ተቃራኒ አስረድተዋል። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) እናት የሆነች ልጅ እንደ እናት መናገርና መራመድ ግዴታዋ ነው። ከረሜላው በጨዋታው ውስጥ የማይበላ ነገር ነው ከተባለ፥ ልጁ ምራቁን እየዋጠ ይተወዋል። ይህን ማንም አላዘዘውም፤ ጨዋታው እንዳይፈርስበት ሲል ራሱ በራሱ ላይ የጣለው ሕግ ነው። ስለዚህ ሕፃን በጨዋታ ጊዜ ከዕድሜው ከፍ ብሎ እንደሚገኝ ሊቁ አስተምረዋል።

ይህንም በፈተና ያዩ አሉ። ማኑይሌንኮ የተባሉ የሶቪየት ኅብረት ተመራማሪ በ1948 ባወጡት ጥናት ሕፃናት ሳይንቀሳቀሱ እንዲቆሙ አድርገው ነበር። በተራ ትእዛዝ ቁሙ ከተባሉበት ጊዜ ይልቅ የዘብ ጠባቂ ሆነው ሲጫወቱ ረዘም ላለ ጊዜ ጸንተው ቆሙ። በ2017 በአሜሪካ የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የአራትና የስድስት ዓመት ልጆች አሰልቺ ሥራ ተሰጥቷቸው፥ በአጠገባቸው ግን የሚያጓጓ ጨዋታ ተቀምጦላቸው እንደ ነበር ይገልጻል። ከሁሉ ይልቅ በሥራው ላይ የቈዩት ባትማንን ወይም እርሱን የመሰለ ትጉህ ባለ ታሪክ ሆነው የሠሩት ልጆች ናቸው። «ዝም ብለህ ተቀመጥ!» የሚለው ቃል በየቤቱ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚነገር የሚያውቅ ወላጅ ይህን ነገር ቢያስብበት ይጠቀማል።

ሁለተኛው የሌላውን ልብ ማወቅ ነው። በ1983 ሃይንስ ቪመርና ዮሴፍ ፔርነር የተባሉ ተመራማሪዎች ለሕፃናት አንድ አጭር ታሪክ ነግረው ጠየቋቸው። አንድ ልጅ ቸኮላታውን በአንድ ሣጥን አስቀምጦ ይወጣል፤ እርሱ ሳያይ እናቱ ወደ ሌላ ሣጥን ታዛውረዋለች። ልጁ ሲመለስ ቸኮላታውን የሚፈልገው ከየት ነው? የሦስት ዓመት ሕፃናት ቸኮላታው አሁን ካለበት ይፈልጋል ብለው ይመልሳሉ፤ እነርሱ የሚያውቁትን ሁሉም ሰው የሚያውቀው ይመስላቸዋልና። ከአራትና ከአምስት ዓመት ወዲህ ግን ብዙዎቹ «እርሱ አላየም፤ ስለዚህ ካስቀመጠበት ይፈልጋል» ማለትን ይጀምራሉ። የሌላው ሰው አሳብ ከእኔ አሳብ የተለየ ሊሆን እንደሚችል መረዳት በዚህ ዕድሜ የሚከፈት በር ነው። ዛሬ ሻጭ ነገ ገዢ፥ ዛሬ ሐኪም ነገ በሽተኛ እየሆነ የሚጫወት ልጅ በዚህ በር ደጋግሞ ይገባል ይወጣል።

«የሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የሚለው ተረታችን የሚናገረው ይህ በር ሳይከፈትለት ስላደገ ሰው ነው። የሌላው ሕመም ለምን አይሰማንም ብለን በሸንጎና በገበያ የምናዝንበት ነገር ሁሉ ሥሩ በሕፃንነት ዘመን ነው።

ሦስተኛው ስሜትን በስም መጥራት ነው። በብዙ ቤቶቻችን ጨዋ ልጅ የሚባለው ዝምተኛው ነው። እንግዳ ሲመጣ ከጥግ ይቀመጣል፤ ቢከፋው አይናገርም፤ ቢፈራም «ወንድ ልጅ አይፈራም» ይባላል። አክብሮትን ማስተማር ተገቢ ነው፤ ትልቅ ሰው ሲናገር ጣልቃ አለመግባትም መልካም ጠባይ ነው። ሆኖም ፍርሃትና ቅናት፣ ኀዘንና ቍጣ በዝምታ አይጠፉም። ሕፃኑ «እኔ ፈርቻለሁ» ለማለት ቃል ቢያጥረው «አሻንጉሊቴ ጨለማ ትፈራለች» ለማለት አያጥረውም። አስተዋይ እናት ይህን ስትሰማ «እንግዲያስ ምን ብናደርግላት ይሻላል?» ብላ ትጠይቃለች፤ መድኀኒቱንም ልጁ ራሱ ይነግራታል።

ወላጅ በጨዋታው ውስጥ ምን ይሁን?

በዚህ ነገር ላይ አንድ የቈየ ታሪክ እናስታውስ። ሩፊኖስ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ እንደሚተርከው፥ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት እለ እስክንድሮስ አንድ ቀን በባሕር ዳር የሚጫወቱ ልጆችን ከሩቅ አዩ። ልጆቹ የሚጫወቱት የጥምቀትን ሥርዓት እየመሰሉ ነበር። ሊቀ ጳጳሳቱ አስጠርተው በጠየቋቸው ጊዜ ልጆቹ በመጀመሪያ ፈርተው ካዱ፤ ኋላ ግን አንዱ ጳጳስ ሆኖ ሌሎቹን እንዳጠመቀ ተናገሩ። ያ ጳጳስ የሆነው ልጅ አትናቴዎስ ነበር ይባላል። እለ እስክንድሮስም ልጁን ወስደው እንዲማር አደረጉት። አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ ወደ አገራችን የላከው ይኸው አትናቴዎስ እንደ ሆነ አንባብያን ያውቃሉ።

ከዚህ ታሪክ ለወላጅ የሚሆኑ ሦስት ነገሮች እናገኛለን። ሊቀ ጳጳሳቱ አስቀድመው ከሩቅ ተመለከቱ፤ ቀጥሎም ጠየቁ፤ በመጨረሻም በጨዋታው ውስጥ የታየውን ዝንባሌ ወደ ትምህርት መሩት። ልጆቹ በመጀመሪያ የካዱት ቅጣት ይመጣብናል ብለው ነው። ዛሬም ነጠላ ደርቦ፥ ሁለት እንጨት በመስቀል አምሳል አስሮ «ቅዳሴ ቅዳሴ» የሚጫወተውን ልጅ «በቅዱስ ነገር ይቀለዳል ወይ!» ብሎ የሚገርፍ አባት አይጠፋም። ሕፃኑ ያየውንና የወደደውን መምሰሉ እንጂ መሳለቁ አይደለም። ሊያስተምሩት የሚሻ ሰው በእርጋታ «ካህኑ መስቀሉን እንዴት ነው የሚይዙት?» ብሎ ይጠይቀው፤ በዚያው አክብሮትን ይማራል።

ለጨዋታው የሚያስፈልገው ነገር ጥቂት ነው። በየቀኑ የማይቋረጥ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ጊዜ፥ ከቤቱ ወይም ከግቢው አንድ ጥግ፥ አንድ ያረጀ ነጠላ፥ የተሰነጠቀ ጀበና፥ ባዶ ጣሳ፥ ቆርኪ፥ የበቆሎ ቆረቆንዳ። ከሱቅ የሚገዛ ውድ አሻንጉሊት ግድ አይደለም። እንዲያውም ቆረቆንዳው ዛሬ ሕፃን፥ ነገ ስልክ፥ ከነገ ወዲያ ፈረስ ሊሆን ስለሚችል ለሕፃኑ አሳብ ሰፊ ሜዳ ይሰጠዋል።

ወላጅ ወደ ጨዋታው ሲገባ እንደ እንግዳ ይግባ እንጂ እንደ አዛዥ አይግባ። «እኔስ ምን ልሁን?» ብሎ ይጠይቅ፤ የተሰጠውንም ቦታ ይቀበል። «ዳቦ እንዲህ አይጋገርም» እያለ ቢያርም ጨዋታው ያንጊዜውኑ ይሞታል። ጨዋታው የደከመ ሲመስል ግን አንዲት ቃል ጣል ማድረግ ይጠቅማል፤ ለምሳሌ በር አንኳኩቶ «መንገደኛ ነኝ፤ መሽቶብኛል፤ ታሳድሩኛላችሁ?» ማለት ነው። ልጆቹ ወዲያው መኝታ ማንጠፍ፥ ውኃ ማቅረብና መመካከር ይጀምራሉ።

የአዋቂ ድጋፍ ጥቅም እንዳለው ሣራ ስሚላንስኪ በእስራኤል አገር በመዋዕለ ሕፃናት ያደረጉት በ1968 የታተመው ጥናት ያሳያል። እንደ ጤና ጣቢያ ያለ ስፍራ ወስዶ ማሳየት ብቻውን የልጆቹን ጨዋታ አላሻሻለውም። አስተማሪዎቹ እንዴት እንደሚጫወቱ በረዷቸው ጊዜ ግን ተሻሻለ፤ ጉብኝቱና እርዳታው አንድ ላይ በሆኑ ጊዜ ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ሆነ። እኒሁ ተመራማሪ የበሰለ ጨዋታን ለማወቅ ስድስት ምልክቶች ሰጥተዋል፦ ልጁ ሌላ ሰው ሆኖ ሲጫወት፥ አንዱን ዕቃ ሌላ ነገር አድርጎ ሲወስድ፥ ድርጊትንና ሁኔታን በቃል ሲያስመስል፥ በጨዋታው ቢያንስ 10 ደቂቃ ሲጸና፥ ከሌላ ልጅ ጋር ሲጫወትና ስለ ጨዋታው እርስ በርስ ሲነጋገሩ። ወላጅ እነዚህን ይዞ ልጁን ቢመለከት የጎደለውን ያውቃል።

በቤት ውስጥ የሚያጋጥሙ ጉዳዮች

ጨዋታውን ለሕፃኑ ችግር እንዴት ልናውለው እንደምንችል በየቤቱ የሚደርሱ አምስት ነገሮችን እንመልከት።

1ኛ፤ የመርፌ ፍርሃት። ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ለመውሰድ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ሲቀር እናቱ በሽተኛ፥ እርሱ ሐኪም ይሁን። እናት «ዶክተር፥ መርፌውን ፈራሁ» ትበል፤ ልጁም ብዙ ጊዜ «አይዞሽ፥ ቶሎ ያልቃል» ይላል። ከዚያ ቦታ ይለዋወጡ። በዚህ መካከል «ምንም አያምም» ብሎ መዋሸት አይገባም። «ትንሽ ያማል፤ ወዲያው ግን ያልፋል፤ እኔም እጅህን እይዛለሁ» ማለት ይሻላል። ውሸት አንድ ጊዜ ከታወቀ የሚቀጥለው ጉዞ ሁለት እጥፍ ይከብዳል።

2ኛ፤ የታናሽ መወለድ። በኵሩ ልጅ ከዙፋኑ የወረደ መስሎ ይታየዋል። «እኔም ሕፃን ነኝ፤ እዘይኝ» ቢል ነውር አይደለም። አሥር ደቂቃ በአንቀልባ ይታዘልና ሕፃን ሆኖ ይጫወት፤ ሲጠግብ ራሱ «አሁን እኔ አባት ልሁን» ይላል። አሻንጉሊቱን ቢመታ «አንተ ክፉ!» ከማለት ይልቅ «ምን አድርጋህ ነው? ተናደድህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይረዳል። አሻንጉሊቷን መምታት ጨዋታ እንደ ሆነ፥ ሕፃኑን መንካት ግን ፈጽሞ የተከለከለ እንደ ሆነ ለይቶ መንገር ያስፈልጋል።

3ኛ፤ የትምህርት ቤት መክፈቻ። ለመጀመሪያ ጊዜ ትምህርት ቤት የሚገባ ልጅ የሚፈራው ፊደሉን አይደለም፤ መለየቱን ነው። ስለዚህ የሚለማመዱት መሰናበትን ይሁን። ልጁ መምህር፥ አባቱ የሚያለቅስ አዲስ ተማሪ ይሁን። «አባዬ ይመለሳል ወይ?» ብሎ አባት ሲያለቅስ ልጁ እየሣቀ «ምሳ በልተህ ስትጨርስ ይመጣል» ይለዋል። ሌላውን ያጽናናበት ቃል በዚያ ጠዋት ለራሱ ስንቅ ይሆነዋል።

4ኛ፤ ጠብ። ሁለት ልጆች በአንድ ኳስ ሲጣሉ በዚያው ቅጽበት ጨዋታ አይሠራም፤ መጀመሪያ ይለያዩ፥ ይረጋጉም። ከሰዓታት በኋላ ሁለት ቆረቆንዳዎች እንደ ተጣሉ አድርገን፥ ልጆቹ ጋቢ ለብሰው ሽማግሌዎች ሆነው ይቀመጡ፤ የሁለቱንም ወገን ቃል ይስሙ፤ ካሣውንም ይቍረጡ። ሽምግልና የአባቶቻችን ሀብት ነው፤ ሕፃናትም ከዛፍ ሥር ሲፈጸም ያዩት ነገር ስለ ሆነ አይከብዳቸውም። አንዱ ወገን ብቻ ተናግሮ ፍርድ እንደማይሰጥ የሚማሩት በዚህ ነው።

5ኛ፤ ኀዘን። ይህ ከሁሉ ይልቅ ያስጨንቀናል። አያቱ የሞቱበት ወይም የጎረቤት ለቅሶ ያየ ሕፃን አሻንጉሊቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ሊቀብር ይችላል፤ ሌሎቹም ልጆች ከበው ያለቅሳሉ። እናቶች ይህን ባዩ ጊዜ ይደነግጡና «አታሟርቱብን!» ብለው ይበትኗቸዋል። ሕፃኑ ግን ሞት እየጠራ አይደለም። ትልልቆቹ በድንኳን ተሰብስበው ሲያለቅሱ እርሱ ወደ ጎረቤት ተልኮ፥ ነገሩንም የሚነግረው ሰው አጥቶ ሊሆን ይችላል። አያቱ ወዴት እንደ ሄዱ የሚጠይቀው በዚያች ትንሽ መቃብር አጠገብ ነው። ስለዚህ አጠገቡ ቁጭ ብሎ «ማን ሞተባችሁ?» ብሎ መጠየቅ፥ የሚለውንም መስማት ይገባል። ሞትን በእንቅልፍ ወይም በመንገድ እየመሰልን ብንነግረው መተኛትንና መንገደኛን መፍራት ይጀምራል፤ «አያትህ ሞተዋል፤ ከእንግዲህ አይመለሱም፤ እኛም አዝነናል፤ አንተ ግን ብቻህን አይደለህም» የሚለው ቃል ይበልጣል። ይህን የተነፈገ ልጅ ኀዘኑን ተሸክሞ ያድጋል።

ጨዋታው መስተዋት ነው

ሕፃናት መምህር ሆነው ሲጫወቱ ልብ ብላችሁ ተመልክታችኋልን? የኔታ የሚሆነው ልጅ ከመጽሐፉ አስቀድሞ የሚፈልገው አርጩሜ ነው። አባት የሚሆነውም ብዙ ጊዜ ከደጅ እየጮኸ ይገባል። ይህን ከየት እንዳመጡት መጠየቅ አያሻም። በትምህርት ቤትና በቤት ያየነውን ነው የሚመልሱልን። እኛም በማስተማር ሥራ የቈየን ሰዎች ልጆቹ አርጩሜውን ትተው «ጎበዝ! እንደገና ሞክር» የሚል መምህር ሲጫወቱ ብናይ፥ ከማናቸውም የምስክር ወረቀት የሚበልጥ ምስጋና እንደ ሆነ እንቈጥረዋለን።

ልጅ የቤታችሁን ጠብ በጨዋታ ቢያሳይ አትቅጡት፤ በእንግዳ ፊትም አትመርምሩት። መስተዋቱን መስበር ፊትን አያጠራም። በጸጥታ ራሳችንን እናርም፤ ጨዋታውም በጊዜው ይለወጣል።

ሌላም በመስተዋቱ የሚታይ ነገር አለ። በአንድ ግቢ የባለቤቲቱ ልጅና የሠራተኛዪቱ ልጅ አብረው ይጫወታሉ እንበል። አንዷ ዘወትር እመቤት፥ ሌላዋ ዘወትር ሠራተኛ ሆና ከታየች ሁለቱም ክፉ ትምህርት እየተማሩ ነው። አንደኛዋ ማዘዝ የተፈጥሮ መብቷ ይመስላታል፤ ሁለተኛዋም መታዘዝ ዕጣዋ ይመስላታል። እናት በዚህ ጊዜ ገብታ «ዛሬ ደግሞ ተራ እንለዋወጥ» ትበል። ያችኛዪቱ ልጅ ከሰፌዱ አጠገብ ተነሥታ ከበርጩማው ላይ ስትቀመጥ፥ የቤቱም ልጅ ጎንበስ ብላ ስታስታጥብ፥ በዚያች ሰዓት የሚሆነውን ነገር አንድ ዓመት ሙሉ ብንመክር አናገኘውም። እንዲሁም ወንድ ልጅ በጨዋታ ወጥ ቢሠራ ወይም አሻንጉሊት ቢያዝል «ሴታ ሴት» ተብሎ አይሰደብ፤ እርሱ የሚለማመደው አባትነትን ነው።

ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች

ጨዋታውን ለማሳፈሪያ አናድርገው። ያጠፋውን ልጅ በሰው ፊት «እንዴት እንዳለቀስህ አሳየን» ማለት ጨዋታ አይደለም፤ ቅጣት ነው። ያልፈለገውንም ቦታ በግድ አናስይዘው፤ «ይበቃኛል» ካለ ይብቃው።

ከባድ ነገር ያየ ልጅ በተለይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ1976 በካሊፎርንያ፥ ቻውቺላ በተባለች ከተማ 26 ሕፃናት ከነትምህርት ቤታቸው አውቶቡስ ተጠልፈው ከመሬት በታች ተቀብረው ነበር፤ በኋላም አምልጠው ወጡ። እነዚህን ልጆች ለዓመታት የተከታተሉት ሐኪም ሌኖር ቴር፥ ከልጆቹ አንዳንዶቹ ያንኑ አስፈሪ ነገር ሳይለውጡ ደጋግመው እንደሚጫወቱት፥ ጨዋታውም እንደማያሳርፋቸው ጽፈዋል። ጤነኛ ጨዋታ ይለዋወጣል፤ አንድ ቀን በሽተኛው ይድናል፥ ሌላ ቀን ሌባው ይያዛል። በአገራችንም ተኩስና ስደት ያዩ ብዙ ሕፃናት አሉ። ጦርነት መጫወታቸው ብቻውን አያስደንግጥ። ነገር ግን ለሳምንታት ያው ታሪክ ያለ ደስታና ያለ መፍትሔ የሚመላለስ ከሆነ፥ ልጁም እንቅልፍና ምግብ ከራቀው፥ ወይም ከሰው ከሸሸ፥ ጉዳዩ ከወላጅ ዐቅም በላይ ነውና ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል።

በመጨረሻም የሌለውን ተስፋ ለአንባብያን ልንሰጥ አንወድም። አንጀሊን ሊላርድና ባልደረቦቻቸው በ2013 የቀደሙትን ጥናቶች ሰብስበው መርምረው ነበር። የማስመሰል ጨዋታ ብቻውን የልጅን እድገት እንደሚያመጣ የሚያስረዳው ማስረጃ ብዙዎች የሚገምቱትን ያህል የጠነከረ ሆኖ አላገኙትም፤ ምናልባትም ከጨዋታው ጋር አብሮ የሚመጣው የአዋቂ ቅርበትና ንግግር ትልቁን ሥራ ይሠራ ይሆናል። ይህ አሳብ ግን ምክራችንን አያፈርሰውም፤ እንዲያውም ወደ ወላጅ ያመለክታል። ልጅን ከጭቃው ጋር ትቶ ወደ ቴሌቪዥን ወይም ወደ ስልክ መዞር ዕቃ ዕቃውን ግማሽ ያደርገዋል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ በዚህ ወር አንድ ነገር ሞክሩ። ሥራ በቀለለበት ሰዓት፥ ልጆቻችሁ ከጉልቿቸው ዙሪያ ሲቀመጡ ከሩቅ ተመልከቱ። ከዚያም ጫማችሁን አውልቃችሁ ከደጃፋቸው «ቤቶች!» በሉ። ቢያስገቧችሁ ተቀመጡ፤ በቆርኪ የሚቀዱላችሁንም ቡና «እሰይ፥ እንዴት ያለ ቡና ነው!» እያላችሁ ጠጡ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውንም ሳትጠጡ አትነሡ።